ከምዕራብ የዘገየው ድምፅ

ሚጢጢ ብሎ የሚጠራት ታላቅ ወንድሟ ብቻ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ በመዳብ ማውጫው ቢሮ የራሷ ክፍል ተሰጥቷት፣ በሯ ላይ «የከርሰ ምድር ምስል» የሚል ሰሌዳ ተለጥፎላት እንኳ ለእሱ ያው ሚጢጢ ነበረች። ጉድጓድ የሚወርዱት ሠራተኞች «ጆሯችን» ይሏታል፤ ሥራዋ መሬትን ማዳመጥ ነዋ። እኛ ግን ወንድሟ ባወጣላት ስም እንጥራት።

ወንድሟን ደግሞ ጓደኞቹ «ምሰሶ» ይሉታል። አንድም ለቁመቱ፣ አንድም ለሥራው፤ የዋሻውን ጣሪያ የሚሸከሙትን ግንዶችና ብረቶች የሚያቆመው እሱ ነበር። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እሷ ስምንት ዓመቷ ነበር። ደብተሩን ዘግቶ ጉድጓድ ወረደ። እሷን አስተማረ፤ ጸጉሯን ሳይቀር የሚያበጥርላት እሱ ነበር። ሲያበጥር ታዲያ ግንድ የሚጎትት ይመስል ስለነበር ትምህርት ቤት የምትደርሰው አልቅሳ ነው። ተመርቃ እዚያው ማዕድን ማውጫ ስትቀጠር፣ «በል ወንድምጋሼ፣ አሁን አንተ ውጣና እረፍ፤ እኔ አለሁ» አለችው። ሳቀባት። «እኔ ከወጣሁ ጣሪያውን ማን ይይዘዋል?»

ከሁለት ዓመት በፊት የኮረብታውን ሆድ በምስል እንድታወጣ ታዘዘች። ሥራው እንዲህ ነው። ኮረብታው ላይ ማዳመጫዎች ይተከላሉ፣ ትናንሽ ፈንጂዎች ይፈነዳሉ፣ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ከንጣፍ ንጣፍ እየነጠረ ይመለሳል። ማዳመጫዎቹ የሚመዘግቡት ግን ጊዜን ብቻ ነው፤ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀ። ጊዜውን ወደ ርቀት ለመለወጥ ድምፁ በምን ፍጥነት እንደተጓዘ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው «ሁለት ሰዓት ተጓዝኩ» ቢላችሁ፣ በአስፋልት ይሁን በጭቃ ካልነገራችሁ ከየት እንደመጣ አታውቁም። በጠንካራ ድንጋይ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ አምስት ሺህ ሜትር ይበራል፤ በጭቃና በልል ጠጠር ውስጥ ግን አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም። የትኛው የኮረብታው ክፍል ድምፅን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያሳልፍ የሚያሳየውን ካርታ ባለሙያዎቹ የፍጥነት ሞዴል ይሉታል። ሞዴሉ ከተሳሳተ ምስሉ አምሮ ይዋሻል።

ሚጢጢ ለላይኛው አፈር የነበራት ቁጥር አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ያገኘችው በምሥራቁ ተዳፋት ላይ ድሮ ከተቆፈረ ጉድጓድ መዝገብ ነው። ምሥራቁ ላይ አፈሩ ስስ ነው፤ ሁለት ሦስት ሜትር እንደወረዱ ድንጋዩ ይገኛል። ምዕራቡ ላይ ምን እንዳለ የለካ ሰው አልነበረም። ያንኑ አንድ ቁጥር ኮረብታውን በሙሉ አለበሰችው።

ምስሉን ከማስረከቧ በፊት ባለው እሁድ ወንድሟ ቤት ምሳ ተጠራች። የወንድሟ ሚስት፣ እሷ እትዬ የምትላት፣ ሳህኖቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላትና ሚጢጢ አትማ ያመጣችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ወንድሟ፣ የምዕራቡን ጥግ በወፍራም ጣቱ እየነካ።

«እዚያ ጋ የመዳቡ ንጣፍ ወደ ታች ሰምጧል። እንደ ጎድጓዳ ሳህን።»

«ማን ነው ያለው?»

«ምስሉ ነዋ።»

«እኔ እኮ እዚያ ቆሜ አውቃለሁ። አሮጌው ዋሻ ውስጥ። ወለሉ ልክ እንደዚህ ጠረጴዛ ነው፤ ብርጭቆ ብታስቀምጪበት ውሃው አያዘነብልም። ሚጢጢ ትሙት፣ ይሄ ምስልሽ ቀጣፊ ነው።»

«አንተ ደግሞ! ልጅቷ ስንት ዓመት የተማረችውን!» ብላ እትዬ ሳቀች። ሚጢጢም ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ከላይ ድምፅን የሚያዘገይ ልል አፈር ካለ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ዘግይቶ ስለሚመለስ የሰመጠ እንደሚመስል አሳምራ ታውቃለች።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የሠራተኞቹን ልጆች በስማቸው የሚጠራ፣ የታመመ ካለ ሳይጠየቅ መኪና የሚልክ ሰው ነበር። ችኩልነቱ ግን ያው ችኩልነት ነው።

«የምዕራቡን ተዳፋት ልለካ እፈልጋለሁ» አለችው። «ሁለት ሳምንት ቢሰጡኝ ይበቃኛል።»

«መዳቡ የት እንዳለ አሳይተሽናል አይደል?»

«አሳይቻለሁ፤ ግን ምዕራቡ ላይ ልክ አይመስለኝም።»

«ምዕራቡን ማን ይነካዋል? አሮጌ ዋሻ ነው፣ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ለእኛ ሥራ ይሄ በቂ ነው። ፈርሚና እንገላገል።»

ልትከራከር አሰበች። ከዚያ ሌላ ሥራ እንደሚጠብቃት፣ እሱም ሲናደድ ለሳምንት እንደማያናግራት አሰበች። ፈረመች።

ዋሻው የተናደው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሚጢጢ ከማንም በፊት ያወቀችው ከኮምፒውተሯ ነው፤ ኮረብታው ላይ ተተክለው የቀሩት አሥራ ሁለት ማዳመጫዎች በአንድ ጊዜ ዘለሉ። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ የነበረው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳይረኑ ጮኸ። ወደ ደጅ ስትሮጥ ከዋናው መውረጃ አፍ ቢጫ አቧራ እየተግተለተለ ይወጣ ነበር። ሰው ሲቆጠር ሰባት ጎደለ። የስም ዝርዝሩን የሚያነበው የፈረቃ አለቃ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

እዚያ ጉድጓድ የሚወርድ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ አለ። ከላይ ሦስት ጊዜ ፈንጂ ከተሰማ፣ ከታች ያለው በሕይወት ያለ ሰው የጣሪያውን ብረት በመዶሻ አሥር ጊዜ ይመታል። አምስት ሰዓት ላይ ሦስቱ ፈንጂዎች ተተኮሱ። ግቢው ጸጥ አለ፤ የመኪና ሞተር ሳይቀር ጠፋ። ሚጢጢ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መሃል ላይ ትንሽ እረፍት። እስከ አሥር።

«አሉ!» ብላ ስትጮኽ ሥራ አስኪያጁ ዘሎ አቀፋት። በሩ ላይ የተሰበሰበው ቤተሰብ እልል አለ።

አሁን ከየት እንደሚመቱ ማወቅ ነበር የቀረው። አንዱ ምት ወደ አሥራ ሁለቱ ማዳመጫዎች በተለያየ ጊዜ ይደርሳል፤ የቅርቡ ይቀድማል፣ የሩቁ ይዘገያል። ከልዩነቱ ተነስቶ የድምፁን ምንጭ ማስላት ይቻላል። ሚጢጢ የምታሰላው ታዲያ በዚያው በሁለት ዓመቱ የፍጥነት ሞዴል ነው። ዘጠኙ ማዳመጫዎች ተስማሙ። በምዕራቡ ተዳፋት ላይ ያሉት ሦስቱ ግን ከሚጠበቀው ሃያ አምስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይተው ነበር። ሃያ አምስት ሚሊ ሰከንድ የዓይን ጥቅሻ ሩብ አይሞላም። «ነፋስ ይሆናል፣ ወይም ገመዱ ተበላሽቷል» አለች ለራሷ፣ ሦስቱን ከስሌቱ አወጣቻቸው።

ነጥቡ ከምሥራቁ መጠለያ ክፍል ሠላሳ እርምጃ ላይ አረፈ።

መጠለያው አየርና ውሃ የተቀመጠበት፣ ለእንዲህ ዓይነት ቀን የተሠራ ክፍል ነው። ሁሉም ሰው ነጥቡን አይቶ፣ «ደርሰዋል ማለት ነው፤ መጠለያው ገብተዋል!» አለ። ሠላሳ እርምጃውን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሚጢጢም ማመን ፈለገች፤ አመነች። ከሰዓት በኋላ የቁፋሮ ማሽኑ በመጠለያው አናት ላይ ቆመ። ሁለት መቶ አሥር ሜትር። ጭንቅላት የሚያህል ቀዳዳ ለመብሳት ሦስት ቀን ይፈጃል። በቀዳዳው አየር፣ ውሃና ምግብ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰዎቹን ለማውጣት ጊዜ ይገኛል።

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ ለአሥር ደቂቃ ቆመና እንደገና ሦስት ፈንጂ ተተኮሰ። እንደገና አሥር ምት። ሚጢጢ የጣለቻቸውን ሦስት ማዳመጫዎች እንዲያው እጇ አላርፍ ብሎ ከፈተቻቸው። ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ስድስት። የትናንቱን መለሰችና አየች። ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ስድስት።

ነፋስ በየቀኑ በአንድ ልክ አይነፍስም። የተበላሸ ገመድ አሥር ጊዜ ያንኑ ቃል አይደግምም። ሦስቱ ማዳመጫዎች ደህና ናቸው፤ ከሥራቸው ድምፁን የሚይዘው አንዳች ነገር አለ። ምናልባት ከዘመናት በፊት ውሃ የሄደበት ሸለቆ፣ ጭቃና ጠጠር ሞልቶት የተቀበረ። ድምፁ እዚያ ውስጥ ገብቶ ስለሚዳክር ወደ ምዕራብ ዘግይቶ ይደርሳል፤ እሷ ደግሞ ሦስቱን ጥላ ከአንድ ወገን ብቻ በሰማችው ስላሰላች ነጥቡ ወደ ምሥራቅ ሸሽቷል። «ወለሉ ልክ እንደ ጠረጴዛ ነው» ያላት ወንድሟ ትዝ አላት፤ ወደ አሮጌው ዋሻ የሚያስገባውን መንገድ እሱ ያውቀዋል። ተነስታ ሮጠች።

ሥራ አስኪያጁን ማሽኑ አጠገብ አገኘችው። ጺሙን አልተላጨም፣ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ምሥራቅ ላይሆኑ ይችላሉ» አለችው።

«ምን?»

«ምዕራብ ይመስሉኛል። አሮጌው ዋሻ ውስጥ።»

«ይመስሉኛል?» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። የምዕራቡ አፈር ድምፁን ምን ያህል እንደሚያዘገየው አላውቅም። ከነጥቡ ወደ ምዕራብ ስልሳ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ መቶ ሃያም ሊሆን ይችላል። ዋሻው ስፋቱ ሦስት ሜትር ብቻ ነው፣ ካርታውም ድሮ በእጅ የተሳለ ነው። በግምት ብንቆፍር እንስተዋለን። ማሽኑን ለግማሽ ቀን ያቁሙልኝ። ማዳመጫ በመስመር ዘርግቼ፣ መሬቱን በመዶሻ እየመታሁ እለካዋለሁ። ማሽኑ እየጮኸ ግን ምንም አይሰማም።»

«ትናንት መጠለያው ጋ ናቸው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ደግሞ አቁም ትይኛለሽ። እዚያ በር ላይ ወጥቼ ምን ልበላቸው? ‹ባለሙያዋ ሐሳቧን ስለቀየረች ልጆቻችሁን ግማሽ ቀን እናቆያቸዋለን› ልበል? መጠለያው ውስጥ ቢሆኑስ? በዚያ ግማሽ ቀን አንዱ ቢሞትስ?»

እሷም ይህንኑ ፈርታ ነበር። ወደ በሩ ስትሄድ እትዬ የብረት አጥሩን ጨብጣ ቆማ አገኘቻት፤ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ነበር ከቤት ሮጣ የመጣችው።

«ማሽኑ ሲጮኽ ልቤ ያርፋል» አለቻት እጇን ይዛ። «ዝም ያለ እንደሆነ ግን አልችልም እህቴ። እንዳያቆሙት ንገሪያቸው። አንቺን ይሰሙሻል።»

ሚጢጢ «እሺ እትዬ» አለች። ተመልሳ አልገባችም። ጠረጴዛ መምታት፣ መጮኽ፣ ማሽኑ ፊት መተኛት ይቻል ነበር። ከእነዚህ አንዱንም አላደረገችም። ያን ቀን ሙሉ በግምት ቁጥር እየቀያየረች ስታሰላ፣ ነጥቡ በኮረብታው ሆድ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲንከራተት ዋለ።

ዓርብ ጠዋት የማሽኑ ጥርስ ደነዘ። መቀየር ግድ ሆነ። የማሽኑ አዛዥ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ «ቀስ በል» የሚለው ቃል ከአፋቸው ስለማይለይ «ጋሽ ቀስ» የተባሉ ሰው ናቸው። ሚጢጢ ሮጣ ሄደች።

«ጋሽዬ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ብረቱን ጎትተን ስናወጣው ሞተሩ መጮኹ አይቀርም። ከዚያ ጥርሱን ስንቀይር ግን አጥፍተነው ሃያ ደቂቃ።»

«ሃያ ደቂቃ አይበቃኝም።» ምክንያቱን በጥድፊያ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እስክትጨርስ ሰሟት፤ ጓንታቸውን አወለቁ።

«ስንት ይበቃሻል የኔ ልጅ?»

«ሰዓት ተኩል።»

«ሞተሩ እኮ በጣም ሞቋል» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ረዳቶቻቸው እንዲሰሙ። «ካልበረደ ልነካው አልችልም። ሰዓት ተኩል ይፈልጋል።» ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ «ሂጂ፣ ሩጪ» አሏት።

ሞተሩ ጠፋ። ሚጢጢና ሁለት ሠራተኞች በምዕራቡ ተዳፋት ላይ ሃያ አራት ማዳመጫ በየአምስት ሜትሩ ተከሉ። የብረት ሳህን መሬት ላይ አስቀምጣ ራሷ በአሥር ኪሎ መዶሻ መታችው። እንደገና። ቦታ ቀይራ እንደገና። መዳፏ ተላጠ። ከታች ከበሩ በኩል ዋይታ ተነሳ፤ ማሽኑ ዝም ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ነገሩ ያበቃለት መስሎት ነበር። የእትዬን ድምፅ ከሁሉ ለየችው። ጆሮዋን ደፍና መምታቷን ቀጠለች። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሲቆጣ ጋሽ ቀስ እጃቸውን አጣጥፈው፣ «ሞቋል አልኩ፣ ሞቋል» ይሉት ነበር።

ቀትር ላይ ውጤቱ ወጣ። ምዕራቡ ሥር ሠላሳ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው የተቀበረ ሸለቆ ነበር፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ዘጠኝ መቶ ሜትር። ቁጥሮቹን ሞዴሉ ውስጥ አስገባች። የድሮው ምስል ዓይኗ እያየ ተቃና፤ ጎድጓዳው ሳህን ጠፋ፣ ንጣፉ ከዳር እስከ ዳር ጠረጴዛ ሆነ። አሥራ ሁለቱ ማዳመጫዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ተናገሩ። ነጥቡ ወደ ምዕራብ ሰማንያ አራት ሜትር ሄዶ አሮጌው ዋሻ መሃል ላይ ቆመ።

ወረቀቱን ይዛ ስትገባ ሥራ አስኪያጁ ከአማካሪ ባለሙያዎች ጋር በስልክ ይነጋገር ነበር። ስልኩን ሳይዘጋ ሰማት። ስልኩ ላይ ያሉትም ሁሉ ሰሟት። ከስልኩ ውስጥ አንድ የተረጋጋ ድምፅ፣ «ስልሳ ሜትር ነው የቀረው። አንድ ቀን ነው። የተጀመረው ይለቅና ከዚያ ይታያል» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው።

«ነገ ያልቃል» አላት። «መጠለያው ባዶ ከሆነ በዚያችው ደቂቃ እናዞረዋለን።»

«ጌታዬ፣ እዚያ የሉም።»

«ረቡዕ እዚያ አሉ ብለሽኛል።» ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። ድካም ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መሰርሰሪያው ባዶ ነገር ነካ። ካሜራ በገመድ ወረደ። ቢሮው ውስጥ ሰው ተደራርቦ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የመጠለያው ክፍል ታየ፤ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩ የውሃ ጠርሙሶች፣ ክዳናቸው እንደታሸገ። አግዳሚ ወንበሮች። የተንጠለጠሉ የአየር ጭምብሎች፣ ሰባት፣ ስምንት፣ አሥር፣ ሁሉም በየማንጠልጠያቸው። ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ማንም ሚጢጢን አላያትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት የሰሙት ምት አሥር ነበር፤ በምቶቹ መካከል ያለው እረፍት ግን ረዝሟል። ማሽኑ እሷ በቀይ ቀለም ምልክት ባደረገችበት ቦታ ላይ ቆመ። ጋሽ ቀስ ያን ሁለት ቀን ተኩል «ቀስ በል» ሲሉ የሰማቸው የለም። እሁድ ሦስቱ ፈንጂዎች ሲተኮሱ ስድስት ምት መጣ። ሚጢጢ ሰባተኛውን ጠበቀች። መዝገቡን እየመለሰች አየችው፣ ድምፁን አጎላችው፣ አልነበረም። ሰኞ ሦስት ጊዜ ተተኮሰ። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ከሰዓትም መልስ አልመጣም። ሥራ አስኪያጁ «መዶሻው ጠፍቶባቸው ይሆናል» አለ። «ደክሟቸው ይሆናል» አለ የፈረቃ አለቃው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

እትዬ አጥሩ ጋ ጠየቀቻት። «ዛሬም መቱ አይደል?»

ሚጢጢ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። እትዬ ፊቷን አይታ ሌላ አልጠየቀችም፤ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ማክሰኞ ጠዋት መሰርሰሪያው ዋሻውን በሳ። ሚጢጢ ካስቀመጠችው ነጥብ የሳተው በአንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ነበር። ሁለት መቶ ሜትር ጥልቀት ላይ እንዲህ ያለ ልክ በዚያ ማውጫ ታይቶ አይታወቅም። ሞተሩ ጠፍቶ የፈረቃ አለቃው በቧንቧው ውስጥ የሰባቱንም ስም እየጠራ ተጣራ። ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። ደግሞ ተጣራ። ከዚያ ካሜራው ወረደ። ሚጢጢ ለማየት አልቀረችም። ወንድሟን በረጅም እግሩ ለየችው፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከጎኑ የተኛው ሰው ራስ ጭኑ ላይ ነበር።

ነፍስ አድን ሠራተኞቹ በሌላ መንገድ ደርሰው አስከሬኖቹን ያወጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የመረመሩት ሐኪም ቁስል እንደሌለባቸው፣ አየር አልቆባቸው እንደሞቱ ጻፉ። መቼ እንደሆነ ሲጠየቁ «እሁድ ማታ፣ ቢዘገይ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ» አሉ። ሚጢጢ ማሰላሰል አላስፈለጋትም። ማሽኑ ረቡዕ ምዕራብ ላይ ቢቆም ቅዳሜ ይደርስ ነበር። ሐሙስ ተለክቶ ቢዞር እሁድ ረፋዱ ላይ። ዓርብ ቀትር ላይ ቢዞር ግን ያው ሰኞ ነበር፤ ዘግይቷል። ስለዚህ በሥራ አስኪያጁ ላይ እንኳ አላዘነችበትም። በእጇ የነበሩት ሁለት ቀናት ረቡዕና ሐሙስ ናቸው።

የወቀሳት ሰው አልነበረም። አማካሪዎቹ መጡና በአንድ ሜትር ከአሥሩ ተደነቁ። አዲሱን የፍጥነት ሞዴል ቀድተው ወሰዱ። አንደኛው ጨብጧት፣ «ከባድ ሁኔታ ውስጥ የተሠራ ግሩም ሥራ ነው» አላት። አጣሪዎቹ በዘገባቸው ላይ «የባለሙያዋ ጥረት ያስመሰግናል» ብለው ጻፉ። ሦስቱን ማዳመጫዎች ረቡዕ ለምን እንዳወጣቻቸው ስትነግራቸው፣ «የተለመደ አሠራር ነው» ብለው አለፉት። እውነታቸውን ነበር፤ የተለመደ አሠራር ነው።

ከቀብሩ በሁለተኛው ሳምንት ወንድሟ ቤት ሄደች። እትዬ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ጎረቤት ተልካ ቤቱ ጭር ብሏል። ሚጢጢ ሳትቀመጥ ጀመረች፤ ከተቀመጠች እንደማትናገር ታውቃለች። ስለ ሁለት ዓመቱ ፊርማ ነገረቻት። ስለ ሦስቱ ማዳመጫዎች ነገረቻት። ሐሙስ ዕለት አጥሩ ጋ «እሺ እትዬ» ስትላት ምን እያወቀች እንደነበር ነገረቻት። እትዬ እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ ሳታጥፈው፣ ሳታስቀምጠው ሰማች።

«እኔ ነኝ እንዳያቆሙት ያልኩሽ» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ አላወቅሽም እትዬ። እኔ ነኝ ያወቅኩት።»

«ታዲያ ዝም ብትይ ምን ነበረበት?»

ሚጢጢ አልገባትም።

«እስከ ዛሬ የገደለው ተራራ ነበር» አለች እትዬ። ድምፅዋ አልተነሳም። «ተራራን ምን ይሉታል? ይለቀስና ይተዋል። አሁን አንቺን አደረግሽብኝ። አንቺን ብቻም አይደለም፣ እኔንም። ለራስሽ እንዲቀልሽ መጥተሽ እኔ ላይ ጫንሽው።» ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሂጂ አሁን። ልጅቷ ሳትመጣ ሂጂ።»

ሄደች። ደረጃውን ወርዳ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እስክትደርስ አላለቀሰችም። እውነት ያለ ምሕረት እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲነገራት መቃወሚያ አላገኘችም። ቀሎኛል ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች፤ አልቀለላትም።

ማውጫው ከአምስት ወር በኋላ ተከፈተ። ሚጢጢ ኮረብታው በሙሉ እንዲለካ ደብዳቤ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ ፈቀደላት፤ ከዚያ ምርቱ ወደ ኋላ ቀርቷል ተብሎ ግማሹ ሲለካ ተቋረጠ። የቀረውን በየቅዳሜው መዶሻዋን ተሸክማ ብቻዋን ትለካዋለች። አንዳንድ ቀን ጋሽ ቀስ መጥተው የብረት ሳህኑን ይይዙላታል። ብዙ አያወሩም። ሠራተኞቹ «ጆሯችን» ማለታቸውን ትተዋል፤ ሲያገኟት በአክብሮት ሰላም ብለዋት ያልፋሉ። ሚጢጢ የሚላት ከእንግዲህ ማንም የለም።

እትዬን ባለፈው የዝናብ ወር አንድ ቀን አገኘቻት። ድንገተኛ ዶፍ ወርዶ ሰው ሁሉ መጠለያ ሲፈልግ፣ ሁለቱም ሳይተያዩ አንድ የጫማ መሸጫ ደጃፍ ሥር ገቡ። ልጅቷ በመሃላቸው ቆመች። አክስቷን አይታ ፈገግ ልትል ስትል የእናቷን ፊት አየችና ተወችው። ልጅቷ አድጋለች፤ እግሯ ረዝሟል። ውሃው ከቆርቆሮው ጠርዝ እንደ መጋረጃ ይወርድ ነበር፣ በአስፋልቱ ላይ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ቀስ ይላሉ። ሚጢጢ አንድ ቃል ብትፈልግ አጣች፤ ያሏትን ቃላት በሙሉ ያን ቀን ጨርሳቸዋለች። እትዬም ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማ ነበር። ግን ከደጃፉ አልወጣችም፤ በዝናቡ ውስጥ አልሄደችም። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆሙ። ዝናቡ ሲያባራ እትዬ የልጇን እጅ ይዛ፣ ኩሬውን በጎን አልፋ ሄደች።